የሰረቀም የፋቀም

ባለፈው ሰሞን ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ካሉት ቡና ቤቶች በአንዱ ተቀምጬ ነበር። ከጎኔ ባለው ጠረጴዛ ሦስት ወጣቶች ስለ ፊልም ይከራከራሉ። መቼም የመምህርነት አመል ሥራው ሲለቅ አብሮ አይለቅም፤ ጆሮዬን ወደነሱ ጣል አደረግሁ።

«አንተ ምን ታውቃለህ!» ይላል አንደኛው። «‹ፍቅር እስከ መቃብር› እኮ ድሮ በጃንሆይ ጊዜ በፊልም ተሠርቷል። ድምፅ የሌለው ፊልም! እዚሁ፣ ዓባይ ከሐይቁ ከሚወጣበት አጠገብ ነው የተቀረፀው።»

«ታዲያ የታለ?»

«ጠፋ። ፈረንጆቹ ይዘውት ሄዱ አሉ።»

«ጣልያኖች ይሆናሉ» አለ ሦስተኛው፣ ሲኒውን እያስቀመጠ። «የአክሱምን ሐውልት ጭኖ የሄደ ፊልም ይምረናል?»

ጉዳዩ እዚህ ላይ ተዘጋ። ጥፋተኛው ተገኘ፣ ተፈረደበት፣ ቡናው ተጠጣ።

ዝም ብዬ ብወጣ ምን ነበረበት! ግን ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ ሥነ ጽሑፍ ያስተማረ ሰው የዘመን ስህተት ሲሰማ ምላሱን ያሳክከዋል።

«ልጆች፣ ይቅርታ» አልኩ። «የድምፅ አልባ ፊልም ዘመን እኮ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጨረሻ ገደማ አብቅቷል። የሐዲስ ዓለማየሁ ‹ፍቅር እስከ መቃብር› የታተመው ደግሞ በ1958 ዓ.ም. ነው። ሙሽራው በሞተ በሠላሳ ምናምን ዓመቱ ሙሽሪት ተወለደች እንደማለት ነው።»

ሳቁ። ያ የመጀመሪያው ግን በቀላሉ የሚረታ አልነበረም። «እሺ ጋሼ፣ በዚያ ዘመን የተጻፈ ልቦለድስ የለንም?» አለኝ።

«አለን» አልኩና በእጄ ወደ ዘጌ አመለከትኩት። «እዚያ ማዶ የተወለዱት አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ፣ በኋላ ‹ጦቢያ› እየተባለ የተጠራውን ልብ ወለድ ታሪክ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ አሳትመዋል። የመጀመሪያው የአማርኛ ልቦለድ የሚባለው እሱ ነው። ዘመኑም የድምፅ አልባ ፊልም ነበር፤ አገሩም ፊልም የሚሠራበት አገር ነበር። ግን ማንም ፊልም አላደረገውም። ያልተሠራ ነገር ደግሞ አይጠፋም።»

ሒሳቤን ከፍዬ እንደ አሸናፊ ወጣሁ። አሸናፊነቴ የቆየው እስከ ቤቴ በር ድረስ ብቻ ነው። በመንገድ ላይ አንዲት ነገር እየደጋገመች ትቆረቁረኝ ጀመር፤ «ዓባይ ከሐይቁ ከሚወጣበት አጠገብ»። ልጁ ይህንን ቦታ ከየት አመጣው? ወሬ ዝም ብሎ ሲፈጠር እንዲህ ያለ ቁርጥ ያለ ቦታ አይኖረውም። በሬን ከፍቼ እንደገባሁ ነገሩ ተገለጠልኝ፤ ቆሜ ቀረሁ።

የጠፋው ፊልም አለ። ድምፅ የለውም። ከ‹ፍቅር እስከ መቃብር› የተወሰደ ነው። የተቀረፀውም ልጁ ባለው ቦታ ነው። በጃንሆይ ጊዜ አልነበረም እንጂ፣ ፈረንጅም የለበትም እንጂ፣ የቀረው ሁሉ እውነት ነው። ያጠፋሁት ደግሞ እኔ ነኝ።

ነገሩ ወዲህ ነው።

ዘመኑ 1994 ዓ.ም. ነው። ተማሪዎቼ ልቦለድ መርጠው ሐተታ እንዲጽፉ አዝዣለሁ። ከመካከላቸው አምስቱ መጡና «መምህር፣ በጽሑፍ ፋንታ ፊልም ብንሠራስ?» አሉኝ። ፈቀድኩ። ገንዘብ አዋጥተው ሰርግ ከሚቀርፅ ሰው የቪኤችኤስ ካሜራ ለአንድ እሑድ ተከራዩ። የመረጡት ክፍል ሰብለ ወንጌል በዛብህን ፍለጋ ከቤቷ ወጥታ የምትሄድበትን ነበር። ሰብለን ሆና የተጫወተችው ክፍል ውስጥ ድምፅዋ የማይሰማ፣ ቀጭን፣ ዝምተኛ ልጅ ናት። ቀኑን ሙሉ በሐይቁ ዳር፣ በደንገሉ መካከል ስትሄድና ስትመለስ ዋለች። ከበስተኋላዋ ታንኳ ጭኖ የሚያልፍ ሁሉ ሳይከፈለው ተዋናይ ሆነ።

ማታ ካሴቱ ሲታይ ድምፅ የሚባል ነገር የለውም። የማይክራፎኑ ገመድ ተበጥሶ ኖሯል። ልጆቹ ሊያለቅሱ ደረሱ። እኔም መምህር አይደለሁ? «ፊልም እኮ ሲወለድ ሠላሳ ዓመት ያህል ዲዳ ነበር፤ ሰው ግን ያለቅስበት፣ ይስቅበት ነበር» ብዬ አጽናናኋቸው። በማግሥቱ ንግግሮቹን በካርቶን ላይ በማርከር ጽፈው፣ ካርቶኑን ቀርፀው፣ በሁለት ዴክ እየገለበጡ በየመካከሉ አስገቡት። ሃያ ሁለት ደቂቃ ወጣው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አዳራሽ ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ቴሌቪዥን ተቀመጠ፤ አንድ ተማሪ ከጎኑ ቆሞ ዋሽንት ነፋ። መጨረሻው ላይ ልጅቱ ጀርባዋን ሰጥታ በዳርቻው እየሄደች፣ እየሄደች፣ እያነሰች ስትጠፋ በአዳራሹ ውስጥ የሳለ ሰው አልነበረም።

ካሴቱን ያስረከበኝ ተማሪ በእስክሪብቶ ጫፍ ጥጉ ላይ ያለችውን ትንሿን ፕላስቲክ ሰበራት። የቪዲዮ ካሴት የነበረው ሰው ያውቃታል፤ እሷ ከተሰበረች በላዩ ላይ ሌላ ነገር መቅዳት አይቻልም። «መምህር፣ አሁን ማንም አያጠፋውም» አለኝ።

ሦስት ዓመት አለፈ። የዘመድ ሰርግ መጣ። ቀራጩ ካሴት አለቀብኝ አለ፤ ቀኑ እሑድ ነው፣ ሱቁ ዝግ ነው። ቤቴ ሄጄ መደርደሪያዬን ፈተሽኩ። ያችን አነሣሁ። ምን አለባት? የሚንቀጠቀጥ፣ የደበዘዘ፣ ድምፅ የሌለው፣ ተማሪዎች የሠሩት ነገር። ያቺ የተሰበረች ቀዳዳ ላይ ፕላስተር ለጠፍኩና ሰጠሁት። ፕላስተር ከተለጠፈባት እንደገና ይቀዳባታል። ዛሬ ያ ካሴት የትም ይኑር የት፣ ላዩ ላይ ያለው ሰው ሲበላ ነው። ሙሽሮቹም ከተፋቱ ቆይተዋል።

በ2001 ዓ.ም. አንዲት ጥቁር የለበሱ እናት ቢሮዬ መጡ። የዚያች የዝምተኛዋ ልጅ እናት ናቸው። ልጅቱ ገጠር ገብታ ስታስተምር ታማ ሞታለች። ጓደኞቿ ስለ ፊልሙ ነግረዋቸው ነው የመጡት።

«መምህር፣ ልጄ ስትንቀሳቀስ የምትታይበት ነገር እርስዎ ዘንድ አለ ብለውኝ ነው።»

ምን ልበል? «እትዬ፣ ድምፅ እኮ የለውም» አልኩ፣ ነገሩን ለማቅለል።

«ድምጿንስ እሰማዋለሁ» አሉኝ። «አረማመዷ ነው እየጠፋብኝ ያለ።»

ፈልጌ እነግርዎታለሁ አልኳቸው። ዋሸሁ። ሁለት ጊዜ ተመልሰው መጡ፤ ሁለት ጊዜ ዋሸሁ። ከዚያ ቀሩ።

ይህንን የምጽፈው ለንስሐ አይደለም፤ ንስሐ በጋዜጣ አይገባም። የምጽፈው ያ ቡና ቤት የሰማሁት ወሬ ስላናደደኝ ነው። በሃያ ምናምን ዓመት ውስጥ ወሬው ሲዞር፣ ሲዞር አጥፊውን ቀይሮ መጣ! እኔ ወጣሁ፣ ፈረንጅ ገባ። ደግሞ ምን ያህል ተመችቶን ተቀበልነው! ማንም «ቅጂው የት ነበር? ጠባቂው ማን ነበር?» ብሎ አልጠየቀም። ሌባ ከተገኘ ጠባቂ አይጠየቅማ።

መዘረፋችንን አልክድም። እ.ኤ.አ. በ1868 እንግሊዞች ከመቅደላ ብራናዎቻችንን ጭነው ሄደዋል። የአክሱም ሐውልት እ.ኤ.አ. በ1937 ሮም ተወስዶ እስከ 2005 እዚያው ቆይቷል። ይመለስ እያሉ የጮኹ ሰዎች ባለውለታዎቻችን ናቸው። ነገር ግን አንድ ነገር እናስተውል፤ ሌባ የሚሰርቀው ዋጋ ያለውን ነው። እኔ ያችን ካሴት ያጠፋኋት ዋጋ የላትም ብዬ ነው። ከሁለታችን ማን ይብሳል? የሌባው እጅ የገባ ዕቃ አንድ ቀን በክርክርም፣ በገንዘብም ይመለስ ይሆናል። እኔ የፋቅሁት በየትኛው ፍርድ ቤት ይመለሳል?

«ድህነት ነው» የሚለኝ አለ። ፊልም ለማስቀመጥ ቀዝቃዛ ክፍል፣ ማሽን፣ ባለሙያ ያስፈልጋል፤ እኛ ዳቦ ያረረብን ነን ይለኛል። እስቲ ዳቦ ያላረረባቸውን እንይ። የአሜሪካ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጣው ጥናት እንደሚለው፣ ከ1912 እስከ 1929 እዚያ አገር ከተሠሩት ወደ 11 ሺህ የሚጠጉ ረጃጅም ድምፅ አልባ ፊልሞች 70 በመቶ ያህሉ የሉም። በመጀመሪያው መልካቸው የተገኙት 14 በመቶ ብቻ ናቸው። የዚያን ዘመን ፊልም ናይትሬት ከሚባል ቶሎ በሚቀጣጠል ነገር የተሠራ ስለነበር ብዙው ተቃጥሏል፤ እ.ኤ.አ. በ1937 የፎክስ ኩባንያ መጋዘን ሲነድ የድርጅቱ የድምፅ አልባ ዘመን ፊልሞች አብዛኞቹ አብረው ነደዱ። ያው ኩባንያ በ1921 ስለ ሳባ ንግሥት፣ ስለ «የኛዋ» ንግሥት፣ የሠራው ታላቅ ፊልምም ዛሬ ከጠፉት ጋር ይቆጠራል። ግን ሁሉም በእሳት አልጠፋም። ዩኒቨርሳል የተባለው ኩባንያ በ1948 የቀሩትን ድምፅ አልባ ፊልሞቹን ራሱ አስወገደ። በፊልሙ ላይ ያለው ብር ይፈለግ ነበር፤ ምስሉ ግን ለገበያ የማይሆን፣ መጋዘን የሚያጣብብ ዕቃ ሆኖ ታየው። ከእኔ ፕላስተር በምን ይለያል?

«ታላቁ ጋትስቢ» የተባለውን የስኮት ፊትዝጄራልድን ልቦለድ የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል። በ1925 ታትሞ በ1926 በፓራማውንት ኩባንያ ድምፅ አልባ ፊልም ሆነ። ደራሲውና ባለቤቱ ሊያዩት ገብተው አስጠልቷቸው አቋርጠው ወጡ። ዛሬ ከዚያ ፊልም የተረፈው አንድ ደቂቃ ያህል የምትሆን ማስታወቂያ ብቻ ናት። ሊቃውንቱ ያችን አንድ ደቂቃ እየደጋገሙ ያያሉ፤ መጽሐፉ ትኩስ በነበረበት ዘመን የነበሩ ሰዎች እንዴት እንዳነበቡት ከፊታቸው፣ ከልብሳቸው ለመረዳት። ደራሲው የጠላው ፊልም መሆኑ ምንም አልቀነሰባትም።

ይህ «የኛ ፊልም ምን የሚቀመጥ ነገር አለው?» ለሚሉኝ ወዳጆቼ መልስ ይሆናል። ስለ አማርኛ ፊልም ሲነሣ አፍንጫቸውን የሚነፉ ምሁራን አውቃለሁ፤ እኔም አንዱ ነበርኩ። ትወናው ስድ ነው፣ ድምፁ ይጮኻል፣ ታሪኩ ያው የሀብታም ልጅና የድሃ ልጅ ነው። እሺ ይሁን። መጥፎ ፊልም ግን ጥሩ ምስክር መሆን ይችላል። በ1990ዎቹ ዓ.ም. በቪዲዮ ካሴት ከተሠሩት ፊልሞች በአንዱ ውስጥ ከተዋናዮቹ ኋላ የሚታየው መንገድ፣ የታክሲው ወያላ፣ የሱቁ ጽሑፍ፣ የልጃገረዶቹ ሹሩባ ዛሬ የለም። የዚያን ጊዜዋ ባሕር ዳር ራሷ ዛሬ የለችም፤ ዘንባባዋ፣ ብስክሌቷ፣ ፀጥታዋ። የሚቀመጠውንና የሚጣለውን የሚመርጠው የዛሬ ዓይን ከሆነ ሁልጊዜ ይሳሳታል፤ የእኔ ዓይን ተሳስቷል።

ደግሞስ የተመሰገነውን መቼ ጠበቅነው? «ሂሩት አባቷ ማነው» በ1957 ዓ.ም. ለሕዝብ የቀረበ፣ የመጀመሪያው ባለ ሙሉ ርዝመት የአማርኛ ፊልም ተብሎ የሚጠቀስ ሥራ ነው። በየፈተናው ጥያቄ ሆኖ ይመጣል። ባስተማርኩባቸው ዓመታት ሁሉ «ፊልሙን ያየ እጁን ያንሣ» እል ነበር፤ አንድም እጅ ተነሥቶ አያውቅም። የሚሼል ፓፓታኪስን «ጉማ»ም እንዲሁ። በስሙ ሽልማት እንሰጣለን፤ ተሸላሚው ዋንጫውን ከፍ አድርጎ ያለቅሳል፤ «ጉማን አይተኸዋል?» ብሎ የሚጠይቀው የለም። በደርግ ጊዜ የኢትዮጵያ ፊልም ኮርፖሬሽን የሚባል መሥሪያ ቤት ነበረን፤ ፈረሰ። በአገራችን መሥሪያ ቤት ሲፈርስ ወንበሩና ጠረጴዛው በሞዴል 19 ተመዝግቦ ይረከባል። ለምስል ግን ሞዴሉ ስንት ቁጥር ነው?

የጎንደሩ ልጅ ኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን የንጉሡ ዘመን ሊያከትም ሲል እዚህ አገር ውስጥ ቀርፆ እ.ኤ.አ. በ1976 አወጣው። በጥቁርና ነጭ፣ በአማርኛ፣ ስለ ገበሬና ስለ ባላባት። ያ ፊልም ታድሶ የዳነው የት ይመስላችኋል? ጣልያን አገር፣ ቦሎኛ ከተማ፣ ማርቲን ስኮርሴዚ በመሠረተው ድርጅት ድጋፍ። «ጣልያኖቹ ወሰዱት» ለሚለው ልጅ ይህንንም ልነግረው ይገባ ነበር፤ አንዳንዱን አዳኑት። ይህ ማፈሪያችን ነው፣ ደስታችንም ነው፤ ሁለቱን አንድ ላይ መዋጥ እንልመድ።

ሌላው ተከራካሪዬ «አሁን እኮ ሁሉም ዩቲዩብ ላይ አለ» የሚለው ነው። ወዳጄ፣ ዩቲዩብ ገበያ ነው፤ ጎተራ አይደለም። ነጋዴው ሲፈልግ ድንኳኑን ነቅሎ ይሄዳል። የከፈተው ሰው ሲጣላ ይዘጋዋል፣ ባለመብት ነኝ ባይ ሲከስ ይወርዳል፣ የይለፍ ቃሉን የያዘው ሰው ሲሞት አብሮ ይሞታል። እዚያ ላይ ያለውም ቢሆን ከካሴት ወደ ሲዲ፣ ከሲዲ ወደ ስልክ ሲገለበጥ ፊቱ የተዳጠ ነው። ዋናው የት አለ? አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለፊልም ሥራ የ50 ዓመት የመብት ጥበቃ ይሰጣል። መልካም ነው። የቪዲዮ ካሴት ዕድሜ ግን የዚያን ግማሽ መድረሱም ያጠራጥራል፤ የኮምፒዩተሩ ዲስክ ደግሞ ከዚያም ያጥራል። መብቱ ሳያልቅ ዕቃው ያልቃል። ባለቤትነቱ የተረጋገጠ ባዶ ሳጥን ይዘን እንቀራለን ማለት ነው።

«ሰው በሰላም ውሎ መግባት በሚናፍቅበት ጊዜ ስለ ካሴት ታወራለህ?» የሚል ተቆጪም አይጠፋም። ይህ ከሁሉ የከበደው ነው። መልስ የለኝም፤ ያችን እናት ብቻ ነው የምጠራለት። ከኀዘናቸው መካከል ተነሥተው ቢሮዬ ድረስ የመጡት ለቅንጦት አልነበረም። ሰው በሚሞትበት ዘመን ነው አረማመድ የሚናፈቀው።

አሁን ወደ ጣና ልመለስ። ድህነት ነው ላለው ሰው ቀሪውን መልስ የሚሰጡት ከቡና ቤቱ ማዶ ያሉት ደሴቶች ናቸው።

ክብራን ገብርኤል ከ600 ዓመት በፊት የተጻፈ፣ በሥዕል ያጌጠ ወንጌል ይዞ ቆይቷል። ዳጋ እስጢፋኖስ የእነ ዐፄ ፋሲለደስን አፅም እስከ ዛሬ ይጠብቃል። እቴጌ ምንትዋብ ያሠሯት ናርጋ ሥላሴ፣ ዘጌ ላይ ያለችው ኡራ ኪዳነ ምሕረት፣ ሁሉም ዕቃ ቤት አላቸው፤ ለዕቃ ቤቱም በስሙ የሚጠየቅ ሰው አለው። ከነዚህ መነኮሳት የባሰ ድሃ ማን ነው? የሚበሉት ቆሎና ጭብጦ ነው። ቀዝቃዛ ክፍል የላቸውም፤ አየሩም እርጥበት ነው፤ ምስጡም አይጡም አለ። እነሱ ግን አራት ነገር አላቸው። አንደኛ፣ መጽሐፉ የቆዳ ማኅደር አለው። ሁለተኛ፣ ማን እንዳስጻፈው፣ ለየትኛው ቤተ ክርስቲያን እንደሰጠው ብራናው ላይ ተጽፏል። ሦስተኛ፣ ሲያረጅ ይገለበጣል፤ መገልበጥ ዋጋ ያለው ሥራ ነው። አራተኛ፣ መጽሐፉን የሰረቀውን ብቻ ሳይሆን የፋቀውንም የሚያወግዝ ቃል በብዙዎቹ ላይ ተጽፎ ይገኛል።

ይህችን አራተኛዋን ተማሪ ሳለሁ አንብቤያታለሁ፤ አስተምሬያታለሁም። የገባችኝ ግን አሁን ነው። የጥንት ሰዎች ሁለቱን እኩል አስቀመጧቸው፤ የሰረቀና የፋቀ። ብራና ውድ ነው፤ አሮጌውን ጽሑፍ ፍቆ በላዩ አዲስ መጻፍ ያጓጓል። ልክ ካሴት ሱቅ በተዘጋበት እሑድ እንደሚያጓጓው። አባቶች ይህንን ፈተና ያውቁት ነበርና ገዘቱበት። እኛ የሰረቀውን ብቻ እያወገዝን የፋቀውን ሰርግ ቤት ወስደን እናበላዋለን።

ገዳማቱን ላሽሞነሙን አይደለም። ከነሱም ብራና ወጥቶ ተሽጧል፤ እሳትም ጎድቷቸዋል። ግን መዝገብ ያለው ሰው ሲጎድልበት ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ኤርነስት ሐመርሽሚት የተባለ ጀርመናዊ ሊቅ በጣና ደሴቶች እየዞረ ብራናዎቹን በማይክሮፊልም ቀርፆ ዝርዝራቸውን አሳትሟል። ከዚያም ወዲህ በሺህ የሚቆጠሩ የአገራችን ብራናዎች በማይክሮፊልም ተነሥተው ቅጂያቸው አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ውስጥ ተቀምጧል። እንግዲህ አስቡት፤ ብራናን ለማዳን በፊልም ተጠቅመናል። ፊልምን ለማዳን ምን አደረግን?

ጥያቄዬ አጭር ነው። መጽሐፍ ያሳተመ ሰው ለብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት፣ በድሮ ስሙ ለወመዘክር፣ ቅጂ እንዲያስረክብ ሕግ አለ። ፊልምም ሲኒማ ከመግባቱ በፊት አንድ ንጹሕ ቅጂ በፊርማ ይረከብ፤ የተረከበውም ሰው በየጊዜው እየከፈተ መኖሩን ያረጋግጥ። ‹ፍቅር እስከ መቃብር› በ2016 ዓ.ም. በቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ ሆኖ መጥቷል፤ ወደድነውም ጠላነውም ከ50 ዓመት በኋላ የሚፈልገው ሰው ይኖራል። ወጋየሁ ንጋቱ ይህንኑ መጽሐፍ በሬዲዮ ሲተርከው የሰማ ትውልድ ድምፁን ዛሬም ማግኘቱ፣ በየቤቱ ቀድተው ያስቀመጡ ሰዎች ውለታ አለበት። ዕድል ያዳነችውን ሁሉ ሥርዓት ያዳነው እያስመሰልን አንኩራራ።

ክልሉም፣ ዩኒቨርሲቲዎቹም፣ ባሕር ዳር ውስጥ ሃያና ሠላሳ ዓመት ሰርግና ተዝካር፣ ስብሰባና ቲያትር ሲቀርፁ የኖሩት ባለሙያዎችም አንድ ክፍል፣ አንድ የሚሠራ ዴክ፣ አንድ መዝገብ ያዘጋጁ። ዴኩ ራሱ ከገበያ ጠፍቷል፤ ያለው ሰው አይጣለው። ሕንፃ እስኪሠራ አንጠብቅ። መነኮሳቱ ሕንፃ ስላልነበራቸው አልተዉትም።

እኔ በበኩሌ ይህንን ከመጻፌ በፊት ማድረግ የነበረብኝን አድርጌአለሁ። የእናትዮዋን ቤት አጠያይቄ ሄድኩ። አርጅተዋል። እውነቱን ነገርኳቸው። ብዙ ዝም ካሉ በኋላ «ያኔ ቢነግሩኝ ኖሮ ከመመላለስ እድን ነበር» አሉኝ፤ ቡናም አፈሉልኝ። ይቅር አሉኝ ብዬ አልጽፍም፤ አላሉኝም።

እናንተም ዛሬ ማታ ቁም ሣጥናችሁን ክፈቱ። ከታች፣ ከአሮጌ ጫማና ከፎቶ አልበም ሥር ካሴት አይጠፋም። አውጡት፣ ጥጉን ዳስሱት። ያቺ ትንሽ ፕላስቲክ ተሰብራ ካገኛችኋት፣ አንድ ጊዜ አንድ ሰው «ይህ አይጥፋ» ብሏል ማለት ነው። ፕላስተር አትለጥፉባት።